አንድ እርምጃ የዘገየው ልጅ፦ ጆርጂያ በአትላንታ የተሸነፈበት ሌሊት

(አትላንታ አካባቢ ለሚኖሩ ወላጆች፣ ወጣቶችና በጎ ፈቃደኛ አሰልጣኞች በአማርኛ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ። በተለየ ካልተጠቀሰ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ወጣቶች፣ እንዲሁም የዕረፍት ቀናችሁን ሠውታችሁ ልጆቻችንን በየሜዳው የምታሰለጥኑ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለ አንድ ሽንፈት ነው። ጃንዋሪ 8 ቀን 2018፣ ሰኞ ማታ፣ እዚሁ አትላንታ መሀል በሚገኘው በመርሴዲስ ቤንዝ ስታዲየም፣ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በኮሌጆች ብሔራዊ የፍጻሜ ጨዋታ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ 26 ለ 23 ተሸነፈ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 30 ቀን 2010፣ የገና ማግስት ነበር። ብዙዎቻችን ቤት የተነጠፈው ቄጠማ ገና አልተጠረገም ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ በዚያ ሌሊት ግን በዚህች ከተማ ሳይቆጣ ያደረ ሰው ጥቂት ነበር።

ልጄ ያኔ 14 ዓመቱ ነበር። እዚህ ተወልዶ እዚህ ያደገ፣ የቡድኑን ቀይና ጥቁር ሹራብ ለብሶ የሚተኛ፣ የተጫዋቾቹን ስም ከአጎቶቹ ስም አስቀድሞ ያጠና ልጅ ነው። የመጨረሻዋ ኳስ ተይዛ የአላባማ ተጫዋቾች ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት፣ ወደ እኔ ዞረና «አባዬ፣ ጥፋቱ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የአንድ ተጫዋች ስም ጠራሁለት። ያ መልሴ ስህተት ነበር። ለልጄ ቆይቼ አርሜለታለሁ፤ ነገር ግን እዚህ የተሰበሰብነው ሁላችንም በየቤታችን ያንኑ ጥያቄ የምንጠየቅ ሰዎች ስለሆንን፣ በእናንተም ፊት ላርመው ወደድሁ።

ሽንፈቱ ለምን ያን ያህል እንደከበደ ለማወቅ ከጨዋታው በፊት የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ጆርጂያ ለመጨረሻ ጊዜ ብሔራዊ ሻምፒዮን የሆነው በ1980 የውድድር ዘመን፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የነበረው ኸርሸል ዎከር ኳስ ይዞ በሚሮጥበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ 37 ዓመት አልፏል፤ ያኔ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ያየ ልጅ ራሱ አባት ሆኖ፣ ልጁን «አንድ ቀን ታያለህ» እያለ አሳድጎታል። በዚያ ላይ የከተማዋ ቁስል ትኩስ ነበር። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 5 ቀን 2017 የከተማዋ ፕሮፌሽናል ቡድን አትላንታ ፋልከንስ በሱፐር ቦውል፣ ማለትም በፕሮፌሽናል ሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ 28 ለ 3 ሲመራ ቆይቶ በጭማሪ ሰዓት 34 ለ 28 ተሸንፎ ነበር። እንግዲህ የጆርጂያ ሰው ወደዚያ ስታዲየም የገባው ተስፋውንም ፍርሃቱንም በአንድ እጅ ይዞ ነው።

ቡድኑ ራሱ ደግሞ የሚወደድ ቡድን ነበር። ኒክ ቸብ በ2015 ጉልበቱ ክፉኛ ተጎድቶ፣ ዳግም ይሮጣል ብሎ ያመነ ሰው ባልበዛበት ጊዜ ተመልሶ የሮጠ ልጅ ነው። ሶኒ ሚሼል ከሄይቲ የተሰደዱ ወላጆች ልጅ ነው፤ የእርሱን ቤት ታሪክ ከእኛ ቤት ታሪክ የሚለየው የወጥ ቤቱ ሽታ ብቻ ይመስለኛል። ሁለቱም ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ሄደው ገንዘብ ማግኘት ሲችሉ፣ ለመጨረሻው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ከተማ ወደ አቴንስ ተመለሱ። የቡድኑ ኳርተርባክ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች፣ ጄክ ፍሮም የሚባል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ በውድድሩ የመጀመሪያ ጨዋታ የቀዳሚው ኳርተርባክ ጉልበት ሲጎዳ ገብቶ በዚያው ቀረ። በጃንዋሪ 1 ካሊፎርኒያ ላይ በተካሄደው፣ ሮዝ ቦውል በተባለው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ኦክላሆማን ከኋላ ተነሥተው፣ በሁለተኛ ጭማሪ ሰዓት 54 ለ 48 ሲያሸንፉ፣ የመጨረሻዋን 27 ያርድ (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያነሰ ርቀት ነው) ሮጦ የጨረሰው ሚሼል ነበር።

አሰልጣኙ ከርቢ ስማርት የጆርጂያ ተጫዋች የነበረ፣ ከዚያም በአላባማው አሰልጣኝ በኒክ ሴበን ሥር ለዓመታት የመከላከሉን ክፍል የመራ ሰው ነው። ደቀ መዝሙር ከመምህሩ ጋር ሊገጥም ነው ማለት ነው። የመምህሩን ዘዴ ሁሉ ያውቃል፤ መምህሩም እንደሚያውቅበት ያውቃል። ይህን ልብ በሉ፤ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ጨዋታውን ለማታውቁ ወላጆች አንድ ሁለት ነገር ልበል። ፉትቦል ስል ሞላላ ኳስ ይዘው የሚጫወቱትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ማለቴ ነው። ኳሱን የያዘው ቡድን 10 ያርድ ወደ ፊት ለመሄድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ከቻለ ሌላ አራት ይጨመርለታል፣ ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። ኳሱ የጎሉ መስመር ውስጥ ሲገባ ተችዳውን ይባላል፣ 6 ነጥብ አለው፣ በምት አንድ ይጨመርበታል፤ በእግር ተመትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል ካለፈ ደግሞ ፊልድ ጎል ነው፣ 3 ነጥብ። በኮሌጅ ጨዋታ ሰዓቱ እኩል ሆኖ ካለቀ ሁለቱም በየተራ ከባላጋራው የ25 ያርድ መስመር ላይ ተነሥተው ይሞክራሉ። ይህን ካወቃችሁ የዚያን ሌሊቱን ታሪክ ለመከተል ይበቃችኋል።

የመጀመሪያው አጋማሽ የጆርጂያ ነበር። ሮድሪጎ ብላንከንሺፕ የሚባለው ባለመነጽር መቺ ሁለት ፊልድ ጎል አስቆጠረ፤ አጋማሹ ሊያልቅ 7 ሰከንድ ሲቀረው ሚኮል ሃርድማን ከ1 ያርድ ሮጦ ገባ፤ 13 ለ 0። የአላባማው ኳርተርባክ ጄለን ኸርትስ ከወረወራቸው 8 ኳሶች ለጓደኞቹ የደረሱት 3 ብቻ ናቸው፣ ያገኘውም 21 ያርድ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ኸርትስ ተራ ተጫዋች አልነበረም። እስከዚያ ሌሊት ድረስ በመሪነት ከጀመራቸው 27 ጨዋታዎች 25ቱን አሸንፏል። ካለፈው ዓመት ፍጻሜ ጨዋታ ደግሞ የራሱን ቁስል ይዞ ነው የመጣው፤ ጃንዋሪ 2017 ላይ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀር 30 ያርድ ሮጦ አላባማን መሪ ካደረገ በኋላ፣ ክሌምሰን 1 ሰከንድ ሲቀር አስቆጥሮ 35 ለ 31 አሸንፎት ነበር። ይህን ልጅ ሴበን በዕረፍት ሰዓት አስቀመጠው። በምትኩ ያስገባው ቱዋ ታጎቫይሎዋ የሚባል፣ ከሃዋይ የመጣ፣ በግራ እጁ የሚወረውር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ይህ ልጅ እስከዚያ ድረስ የሚገባው ውጤቱ ካለቀለት በኋላ ነበር። መላ አገሪቱ በሚያየው ጨዋታ፣ 13 ነጥብ እየተመሩ፣ 25 ጊዜ ያሸነፈላችሁን ልጅ አስቀምጦ ያልተፈተነውን ማስገባት ምን ዓይነት ልብ እንደሚጠይቅ ያሰለጠነ ሰው ያውቀዋል። ደግሞም ስማርት የመምህሩን ዘዴ ሁሉ ሲያጠና የከረመው ኸርትስን ለመያዝ ነው። መምህሩ ደቀ መዝሙሩ ያላጠናውን ገጽ ገለጠ።

በሦስተኛው ሩብ ሰዓት የሆነው ነገር እስከ ዛሬ በጆርጂያ ሰው ዘንድ ሳይበርድ አለ። አላባማ ኳሱን በእግር መትቶ ሊያስረክብ ሲል፣ የጆርጂያ ተጫዋች ዘሎ ኳሱን አጨናገፈው። ዳኞች ግን ኳሱ ሳይንቀሳቀስ ቀድሞ ተነሥቷል፣ ኦፍሳይድ ነው ብለው ሻሩት። ምስሉ በዝግታ ሲታይ የጆርጂያ ሰው ልጁ ከኳሱ ጋር እኩል እንደተነሣ ያያል፤ እኔም እንደዚያው ነው የማየው። ያ ኳስ ቢጸድቅ ጆርጂያ በአላባማ በር ላይ ይቆም ነበር። ይህን የምጠቅሰው ዳኞችን ለመክሰስ አይደለም። ሽንፈቱን በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ ለመጫን ስንቸኩል፣ በመንገዱ ላይ የነበረውን ይህን ሁሉ ረግጠን እንደምናልፍ ላሳያችሁ ብዬ ነው።

ታጎቫይሎዋ ለሄንሪ ራግስ ወረወረና 13 ለ 7 ሆነ። ጆርጂያ ወዲያው መለሰ፤ ፍሮም ወረወረ፣ ሃርድማን ተቀብሎ 80 ያርድ በረረ፤ 20 ለ 7። በዚያች ቅጽበት ጎረቤቶቻችን ደጅ ወጥተው ሲጮኹ ሰምቻለሁ፤ ልጄ ሶፋው ላይ ቆሞ ነበር፣ እናቱም ውረድ አላለችውም። ከዚያ ታጎቫይሎዋ ኳስ ለተቃራኒ ሰጠ፤ ጨዋታው አለቀ ብዬ አሰብሁ። ብዙም ሳይቆይ የፍሮም ኳስ በሰው ሄልሜት ነጥሮ በአላባማ ግዙፍ ተከላካይ እጅ ገባ። ከዚህችም 3 ነጥብ አገኙ።

እኔ እንደማምነው ሽንፈቱ የተወለደው ከዚህ በኋላ ባለው ረጅም ጊዜ ነው። ከ20 ለ 7 ጀምሮ መደበኛው ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ፣ በጨዋታው ሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ ሲሆን፣ ጆርጂያ አንድም ነጥብ አላገባም። ቸብ 18 ጊዜ ኳስ ይዞ ሮጦ ያገኘው በጠቅላላው 25 ያርድ ብቻ ነው። ይህ ልጅ ደክሞ አይደለም፤ የአላባማ የፊት መስመር እንደ ግድግዳ ቆሞበት ነው። ሚሼል በ14 ሩጫ 98 ያርድ አግኝቷልና መንገድ ጨርሶ አልጠፋም ነበር ለማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የሚመራ ቡድን ልማድ አለ፣ እርሱም ያገኙትን ላለማጣት መጫወት ነው። በደጉ ጊዜ የደፈረ እጅ፣ ጎተራው ሲሞላ ይሳሳል። ጆርጂያ ሰዓቱን ለመግፋት ሲጫወት አላባማ ነጥብ ለማግኘት ይጫወት ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ሜዳ ላይ ሲገናኙ የሚሆነው ቀስ ብሎ የሚሆን ነገር ነው። 20 ለ 10፤ 20 ለ 13። ማንም ሰው ያቺ ደቂቃ ናት ብሎ ጣቱን የሚቀስርባት ደቂቃ የለችም፤ ስለዚህም በሰው ትዝታ ውስጥ ቦታ አላገኘችም።

ጨዋታው ሊያልቅ 3 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ሲቀረው፣ አላባማ አራተኛና የመጨረሻ ሙከራው ላይ 4 ያርድ ይፈልግ ነበር። ታጎቫይሎዋ ለካልቪን ሪድሊ ወረወረ፤ ተችዳውን፤ 20 ለ 20። ቀጥሎም አላባማ ኳሱን መልሶ አግኝቶ እስከ ጆርጂያ በር ተጠጋ። ሰዓቱ ሲያልቅ የአላባማው መቺ ከ36 ያርድ እንዲመታ ተደረገ። ይህ ርቀት በልምምድ ላይ እየተነጋገሩ የሚመቱት ርቀት ነው። ኳሱ ወደ ግራ ሄደ።

ስለዚህ መቺ ልጅ አስቡልኝ። ቡድኑን ሻምፒዮን የምታደርግ አንዲት ምት ቀርባለት ሳታት። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ጓደኞቹ ስላሸነፉ፣ ዛሬ በአላባማ ጎዳና ላይ ያቺን ምት አንሥቶ የሚሰድበው ሰው የለም። አልፎ ተርፎም ብዙው ሰው መሳቱን ረስቶታል። ጥፋቱ ግን እንደ ጥፋት ከታየ፣ በኋላ በጆርጂያ በኩል ከተፈጸመው አያንስም። አንዱን ያዳነው፣ ሌላውንም ያስወቀሰው፣ ከሁለቱም በኋላ ሌሎች ሰዎች የሠሩት ሥራ ነው።

ጭማሪ ሰዓት ደረሰ። ጆርጂያ ቀድሞ ኳሱን ያዘ፤ በሦስተኛው ሙከራ ፍሮም ኳሱን እንደያዘ ተጠልፎ 13 ያርድ ወደ ኋላ ተገፋ። ብላንከንሺፕ ከ51 ያርድ መታ፤ ገባ። ይህ ልጅ ቡድኑን የተቀላቀለው ያለ ስኮላርሺፕ ነበር፣ የተሰጠውም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ነው። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ርቀት፣ በዚያ ጭንቅ የተመታች ምት ናት፤ ጆርጂያ አሸንፎ ቢሆን ኖሮ ሐውልት የሚቆምላት ነበረች። 23 ለ 20። ተራው የአላባማ ሆነ። በመጀመሪያው ሙከራ ሁለት የጆርጂያ ተከላካዮች ታጎቫይሎዋን ይዘው 16 ያርድ ወደ ኋላ ጣሉት። አሁን አላባማ በሁለተኛው ሙከራ 26 ያርድ ይጠበቅበታል። የጆርጂያ ሰው «ሁለተኛ ከ26» ሲል የምትሰሙት ይህችን ነው፤ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በዚህ ክፍለ ግዛት እንደ ሙት ዓመት ይጠራሉ።

ታጎቫይሎዋ ኳሱን ተቀብሎ ወደ ቀኝ ተመለከተ። በሜዳው ጥልቀት የሚጠብቀው የጆርጂያ ተከላካይ የሚወርድበትን አቅጣጫ የሚያነበው ከወርዋሪው ዓይን ነው፤ እንዲህ ነው የሚማረው፣ እንዲህም ነው ጨዋታውን ሁሉ ሲያድን የኖረው። ወርዋሪው ዓይኑን ወደ ቀኝ ይዞ አቆየውና ድንገት ወደ ግራ ዞሮ ወረወረ። በግራው መስመር ዲቮንታ ስሚዝ የሚባል ሌላ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ብቻውን ይሮጥ ነበር። ተከላካዩ ዞሮ ሮጠ፤ አንድ እርምጃ ወይም ሁለት ዘገየ። 41 ያርድ፣ ተችዳውን፣ 26 ለ 23። በስታዲየሙ ከነበረው 77,430 ሰው ውስጥ ግማሹ ገደማ ቆሞ ቀረ።

ለልጄ የጠራሁለት ስም የዚያን ተከላካይ ስም ነው። ዛሬ አልጠራውም። ስሙ በየመዝገቡ ያለ ነው፣ ሚስጥር ስለሆነ አይደለም የተውኩት፤ በቂ ጊዜ ስለተጠራ ነው።

አሁን ጥያቄውን በሥርዓቱ እንመልስ። ጥፋቱ የማን ነው? ኦፍሳይድ ያሉት ዳኞች ነው? በሰው ሄልሜት ነጥሮ የጠፋው ኳስ ነው? 20 ደቂቃ ነጥብ ያላገባው የማጥቃት ክፍል ነው? ሲመራ የሳሳው ስልት ነው? በአራተኛ ሙከራ 4 ያርድ የፈቀደው መከላከል ነው? ወይስ ጥፋት የሚባል ነገር ሳይኖር፣ በዕረፍት ሰዓት የደፈረው ሽማግሌ አሰልጣኝና እንደ አንጋፋ የወረወረው ወጣት በሚገባቸው ያገኙት ነው? እኔ የመጨረሻውን ትልቅ ድርሻ እሰጠዋለሁ። ሽንፈትን ስንመረምር ሁልጊዜ የራሳችንን ወገን ብቻ እንበረብራለን፤ ባላጋራውም ሰው መሆኑን፣ እርሱም ለዓመታት እንደለፋ፣ እርሱም ጎበዝ ልጅ እንዳለው እንረሳለን። የ19 ዓመት ልጅ በዓይኑ ብቻ አንድን አንጋፋ ተከላካይ ሜዳ መሀል ካቆመው፣ ይህ የጥበብ ሥራ ነው፤ ጥበብን ደግሞ የሌላው ጥፋት ብሎ መጥራት ለሁለቱም አይገባም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። በማግስቱ በሥራ ቦታ፣ በቡና ቤት፣ በሬዲዮ የተባለውን ሰምቻለሁ፤ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጨዋታውን ያየ ሁሉ ያ ልጅ የት መቆም እንደነበረበት ያውቅ ነበር። እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርሁ። ያኔ የኮሌጅ ተጫዋቾች ከትምህርት ወጪያቸውና ከኑሯቸው በቀር የሚከፈላቸው ነገር አልነበረም፤ በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ የተፈቀደው ከ2021 ጁላይ ወዲህ ነው። የጮኽንበት ሰው ክፍል ገብቶ ፈተና የሚፈተን ተማሪ ነበር።

እንግዲህ ከመካከላችሁ አሰልጣኝ የሆነ ሰው «ታዲያ ስህተት አይነገር ነው የምትለው?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። አይደለም። ስህተት ይነገራል፤ በዝርዝር፣ በምስል፣ ልጁ እግሩን የት ማድረግ እንደነበረበት እስከሚያውቅ ድረስ ይነገራል። የሚነገረው ግን በልምምድ ክፍል ውስጥ ነው፣ የሚነግረውም ነገ አብሮት የሚሰለፍ ሰው ነው። ተመልካቹ የሚለው ሌላ ነገር ነው። ተመልካቹ ሕመሙን የሚያኖርበት ቦታ ይፈልጋል፤ ለሕመም ደግሞ የአንድ ሰው ስም ምቹ ማኖሪያ ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት፣ በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ የስፖርት መምህር ነበርሁ። በትምህርት ቤቶች ውድድር ፍጻሜ ላይ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተና ተሸነፍን። ገና ሜዳው ላይ ሳለን፣ ጓደኞቹ በተሰበሰቡበት፣ «አንተ ነህ ያሳጣኸን» አልሁት። ልጁ አልመለሰልኝም። ከዚያ ወዲያ ልምምድ አልመጣም፤ በግቢው ውስጥ ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ነበር። በዚያ ጨዋታ ከዚያች ምት በፊት ሦስት ያለቀላቸው ኳሶች እንደሳትን፣ ምቱንም እንዲመታ ያዘዝሁት ሌላው ልጅ ፈርቶ እምቢ ስላለኝ እንደሆነ፣ እርሱ ግን እሺ ብሎ እንደወጣ ያስታወስሁት ከዓመታት በኋላ ነው። እሺ ያለውን ልጅ ቀጣሁት። እምቢ ያለውን አልተናገርሁትም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልጨርስ፤ ደስ የሚለኝም ይኸኛው ክፍል ነው። ጆርጂያ ወዲያው አልተነሣም። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 1 በዚያው ስታዲየም እንደገና ከአላባማ ጋር ለምድቡ ዋንጫ ተጋጠመ፤ 28 ለ 14 እየመራ ሳለ አላባማ ተጠጋው፤ ታጎቫይሎዋ ተጎዳና ወጣ። ተተክቶ የገባው ማን ነበር? ጄለን ኸርትስ፣ በዚሁ ሜዳ ላይ የተቀመጠው ልጅ። ዓመቱን ሙሉ ሳያጉረመርም ተጠባባቂ ሆኖ ቆይቶ ገባ፤ አንድ ተችዳውን ወረወረ፣ አንዱን ራሱ ሮጦ ገባ፤ 35 ለ 28። የጆርጂያ ደጋፊ ብሆንም በዚያ ሌሊት ቆሜ አጨብጭቤለታለሁ። ኸርትስ በ2025 የፊላደልፊያ ኤግልስን ይዞ ሱፐር ቦውል ሲያሸንፍና የጨዋታው ኮከብ ሲባል፣ 46 ያርድ የወረወራትን ኳስ ተቀብሎ ተችዳውን ያስቆጠረው ያው ዲቮንታ ስሚዝ ነው። ሶኒ ሚሼል ደግሞ ከሽንፈቱ አንድ ዓመት ጥቂት አልፎ፣ በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2019፣ በተሸነፈበት በዚያው የአትላንታ ሜዳ ላይ ለኒው ኢንግላንድ ፓትርየትስ ሱፐር ቦውል ተጫወተ። ያ ጨዋታ 13 ለ 3 ሲያልቅ፣ በጨዋታው የተቆጠረችውን ብቸኛዋን ተችዳውን ያስገባት እርሱ ነው።

ጆርጂያም በ2020 አንድ ጊዜ፣ በ2021 ዲሴምበር ሌላ ጊዜ፣ ሁለቱንም 41 ለ 24 በአላባማ ተሸነፈ። በሁለተኛው ጊዜ ኳርተርባኩ ስቴትሰን ቤኔት ይባል ነበር። ይህ ልጅ በ2018ቱ ሌሊት ያለ ስኮላርሺፕ ከቡድኑ ጋር የነበረ፣ ሥራውም በልምምድ የተቃራኒን ኳርተርባክ አስመስሎ መጫወት የነበረ ልጅ ነው። ሽንፈቱን ከሜዳው ዳር ሆኖ አይቷል። ቆይቶ ወደ አንድ የሚሲሲፒ አነስተኛ ኮሌጅ ሄደ፣ ተመለሰም። ከ41 ለ 24 በኋላ ብዙ ሰው ይቀየር ብሎ ጮኸ። ሴበን ኳርተርባኩን ቀይሮ ዋንጫ እንደወሰደ ሁሉም ያስታውሳል፤ ስማርት ግን አልቀየረም። አንዱ ቀይሮ ትክክል ሆነ፣ አንዱ ሳይቀይር ትክክል ሆነ፤ ለዚህ የሚሆን ደንብ ብታገኙ ንገሩኝ፤ እኔ አላገኘሁም።

ጃንዋሪ 10 ቀን 2022 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሁለቱ ቡድኖች እንደገና ለብሔራዊ ፍጻሜ ተገናኙ። በአራተኛው ሩብ ቤኔት ኳስ አስጣለና አላባማ 18 ለ 13 መራ። በቤታችን ማንም አልተናገረም። ከዚያ ቤኔት ሁለት ተችዳውን ወረወረ፤ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀር ኬሊ ሪንጎ የአላባማን ኳስ ነጥቆ 79 ያርድ ሮጦ ገባ፤ 33 ለ 18። 41 ዓመት የተጠበቀው ሆነ።

ልጄ ያኔ 18 ዓመት ሞልቶት ነበር። ሪንጎ ሲሮጥ ሶፋው ላይ አልቆመም። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቆየ፤ ጩኸቱ በረድ ሲል የዚያን በ2018 አንድ እርምጃ የዘገየውን ተከላካይ ስም ጠራና «አባዬ፣ እርሱም እያየ ይሆን?» አለኝ።